የተደጋገመ ጫና፦ የጤና ልዩነት ከየት ይመጣል? የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያስ ምን ሊያደርግ ይችላል?

አንድ ቀጭን ሽቦ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ አንድ ጊዜ ብታጥፉት አይሰበርም። መልሳችሁ ብታቃኑትም አይሰበርም። እያጠፋችሁና እያቃናችሁ ብትደጋግሙት ግን የሚታጠፍበት ቦታ እየሞቀ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ብዙ ኃይል ሳታወጡ ለሁለት ይከፈላል። ሽቦውን የሰበረው የመጨረሻው እጥፋት ነው ማለት አይቻልም፤ ያ እጥፋት ከመጀመሪያው አልበለጠምና። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አውጉስት ቮለር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ የባቡር ዘንጎች በአንድ ጊዜ ሊሸከሙት ከሚችሉት እጅግ ባነሰ ጫና ለምን እንደሚሰበሩ ሲመረምር የደረሰበት መልስ ይኸው ነበር። የሚቆጠረው የጫናው መጠን ብቻ አይደለም፤ የድግግሞሹም ብዛት ይቆጠራል። መሐንዲሶች ይህን ክስተት «የብረት ድካም» ይሉታል።

ይህን የብረት ነገር ያነሳሁት ስለ ሰው ጤና ለመጻፍ ነው። ዛሬ በየቤቱ የምንሰማው «ስትረስ» የሚለው ቃል ወደ ሕክምና የገባው ከእኛው መንደር፣ ከፊዚክስና ከምሕንድስና ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሞንትሪያል ይሠራ የነበረው ሀንስ ሰልዬ፣ አይጦች በተለያዩ ጎጂ ነገሮች ሲጠቁ ሰውነታቸው የሚሰጠው ምላሽ ተመሳሳይ መሆኑን አስታወቀ። ከጊዜ በኋላም ክስተቱን «ስትረስ» ሲል ሰየመው። ይሁን እንጂ በፊዚክስ «ስትረስ» ማለት ከውጭ የሚመጣው ኃይል በሚያርፍበት ስፋት ሲካፈል ነው፤ በዚያ ምክንያት አካሉ ላይ የሚታየው የቅርጽ ለውጥ ደግሞ «ስትሬይን» ይባላል። ሰልዬ ሊገልጸው የፈለገው ሁለተኛውን ነበር። እንግሊዝኛው የተሻለ ቢሆን ኖሮ ሌላውን ቃል እመርጥ ነበር ብሎ በኋላ ማዘኑ ይነገራል።

ይህ የመዝገበ ቃላት ክርክር ሊመስል ይችላል። ሆኖም ጫናውንና የቅርጽ ለውጡን ለይቶ የማያይ ሰው ሽቦው ሲጎብጥ ባየ ጊዜ «ይህ ሽቦ በተፈጥሮው ጎባጣ ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጉዳይ ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ዓይነት የተሳሳተ ድምዳሜና የእርማቱ ታሪክ ነው።

ጉዳዩ ይህ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃል «ኤልጂቢቲ» ተብለው የሚጠሩ ሰዎች፣ ማለትም ሴትን የሚያፈቅሩ ሴቶች፣ ወንድን የሚያፈቅሩ ወንዶች፣ ወደ ሁለቱም ጾታ የሚሳቡ ሰዎች እንዲሁም ሲወለዱ የተመዘገበላቸው ጾታ ራሳቸውን ከሚያውቁበት ጋር የማይገጥምላቸው (ትራንስጀንደር) ሰዎች፣ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በድብርት፣ በጭንቀት፣ በትምባሆ ሱስና ራስን በማጥፋት ሙከራ እንደሚጎዱ በተደጋጋሚ አሳይተዋል። አንባቢ በሃይማኖቱም ሆነ በባህሉ የራሱ አቋም ይኖረዋል፤ በአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚደረግን የግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደሚቀጣም የታወቀ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን የተወሰነ ነው፤ አንድ የሰዎች ክፍል ከሌላው ይበልጥ የሚታመመው ለምንድን ነው? ልዩነቱንስ ማጥበብ ይቻላል?

ስለ ቃል አጠቃቀሜም አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ የተለመደው መጠሪያ የአንዲት የጠፋች ከተማ ስም ያለበትና ፍርድን አስቀድሞ የያዘ ነው። በላቦራቶሪ እንደምናውቀው በትንሽ ስኒ ውሃ ውስጥ የገባ ትልቅና ትኩስ ቴርሞሜትር የሚለካው የውሃውን ሙቀት ሳይሆን ራሱ የለወጠውን ሙቀት ነው። በፍርድ ቃል የሚጀምር መጠይቅም እንዲሁ ነው፤ የሚሰበስበው መልስ ሳይሆን ዝምታን ነው። ስለዚህ ገለልተኛ ቃላትን መርጫለሁ።

ሽቦው ወይስ እጁ?

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በምዕራቡ ዓለም ሕክምና የነበረው መልስ ቀላል ነበር፤ ተመሳሳይ ጾታን ማፍቀር ራሱ የአእምሮ ሕመም ነው፣ ስለዚህ የታመሙ ሰዎች መታመማቸው አያስደንቅም የሚል። ማስረጃው ግን ከየት እንደመጣ እንመልከት። የተጠኑት ሰዎች በአብዛኛው ከአእምሮ ሕክምና ክሊኒክና ከወህኒ ቤት የተገኙ ነበሩ። ወደ ሆስፒታል ሄዶ የተኙትን ብቻ የቆጠረ ሰው የከተማው ሕዝብ ሁሉ በሽተኛ ነው ቢል ማን ይቀበለዋል? የናሙና አመራረጥ ስህተት ማለት ይህ ነው።

ኤቭሊን ሁከር የተባሉ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩ የሥነ ልቡና ምሁር ነገሩን በሌላ መንገድ ያዙት። በሕክምና ላይ ያልሆኑ፣ በየሥራቸው የሚኖሩ ወንድን የሚያፈቅሩ 30 ወንዶችንና በዕድሜ፣ በትምህርትና በአእምሮ ብስለት መለኪያ ተመጣጣኝ የሆኑ ሌሎች 30 ወንዶችን መረጡ። ለሁሉም በዘመኑ የታወቁትን የስብእና ፈተናዎች ሰጧቸው፤ ከእነዚህም አንዱ የቀለም ጠብታ ቅርጾችን አሳይቶ «ምን ይታይሃል?» ብሎ የሚጠይቀው ፈተና ነው። ከዚያም ውጤቶቹን ማንነታቸውን ሸፍነው በመስኩ አንቱ ለተባሉ ባለሙያዎች አቀረቡ። ባለሙያዎቹ የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት ሞከሩ፤ ውጤታቸው ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አልተሻለም። ጥናቱ በ1957 ታተመ። እኔ ለተማሪዎቼ ስለ «ሥውር መለኪያ» ሳስተምር ከፊዚክስ ምሳሌዎች ቀጥሎ የምጠቅሰው ይህን ነው፤ ለካዩ የሚፈልገውን መልስ እንዳያይ ዓይኑን መሸፈን ምን ያህል ጠቃሚ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ብዙ አላውቅም።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1973 ጉዳዩን ከሕመሞች ዝርዝር አወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 1990 ተከተለ። ይኸው ድርጅት በ2019 ባጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ በዋለው ዝርዝር ደግሞ የትራንስጀንደር ሰዎችን ጉዳይ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶ ወደ ሌላ ምዕራፍ አዛውሮታል።

ነገር ግን ችግሩ በዚህ አላበቃም። ሕመሙ ከዝርዝር ቢሰረዝም የድብርቱና የጭንቀቱ ልዩነት በቦታው ነበር። ሽቦው ጤናማ ከሆነ ለምን ይሰበራል? ስለዚህ ዓይናችንን ከሽቦው ወደ እጁ ማዞር ይኖርብናል።

ቨርጂኒያ ብሩክስ በ1981 ሴትን ስለሚያፈቅሩ ሴቶች ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ኢላን ሜየር ደግሞ በ1995 እና በ2003 ባወጧቸው ጥናቶች «የአናሳነት ጫና» የሚባለውን ሐሳብ አዳበሩ። እንደ ሜየር አቀራረብ ጫናው ብዙ ፊት አለው። በመጀመሪያ ከውጭ የሚመጣው አለ፤ ስድብ፣ ድብደባ፣ ከሥራ መባረር። ቀጥሎ ያንን መጠበቅ አለ፤ ዛሬ ማንም ባይሰድበው እንኳ ሰውየው ከቤት ሲወጣ ስድቡን እየጠበቀ ይወጣል። ሦስተኛው መደበቅ ነው፤ ንግግርን ሁሉ አስቀድሞ መመዘን፣ «ቅዳሜን የት አሳለፍክ?» ለሚል ተራ ጥያቄ እንኳ መልስ ማዘጋጀት። የመጨረሻው ደግሞ የሌሎችን ጥላቻ ወደ ራስ ማዞር ነው። እያንዳንዱ በራሱ ትንሽ እጥፋት ነው። በቀን ሃያ ጊዜ፣ በዓመት ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ቀን ሲሆን ግን የቮለርን ዘንግ ያስታውሳል። በሰውነት ውስጥም ምልክቱ አለ፤ ለአደጋ ጊዜ የተሰጠን የኮርቲሶልና የልብ ምት ዝግጅት ሳይጠፋ ሲቆይ የደም ግፊትን፣ እንቅልፍንና የበሽታ መከላከያን ያውካል።

ሕጉ ሲለወጥ ቁጥሩ ምን ሆነ?

ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን እንዴት ይፈተናል? በሰው ላይ ጫና ጭኖ ውጤቱን መጠበቅ ግፍ ነው። ሆኖም አንዳንድ ጊዜ ታሪክ ራሷ ሙከራውን ታደርገዋለች። በአሜሪካ በ2004 እና በ2005 በተደረጉ የሕዝብ ድምፅ አሰጣጦች በርካታ ክፍላተ ግዛት የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የሚከለክል አንቀጽ በየሕገ መንግሥታቸው አስገቡ፤ ሌሎቹ አላስገቡም። (እነዚህ እገዳዎች በ2015 በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ኃይላቸውን አጥተዋል።) በዕድል አጋጣሚ አንድ ብሔራዊ የጤና ጥናት 34,653 ሰዎችን ከዚያ በፊት በ2001 እና 2002፣ ከዚያም በ2004 እና 2005 ለሁለተኛ ጊዜ ጠይቆ ነበር።

ማርክ ሃትዘንቡለርና ባልደረቦቻቸው በ2010 ባሳተሙት ትንተና፣ እገዳው በጸደቀባቸው ክፍላተ ግዛት በሚኖሩ ተመሳሳይ ጾታን በሚያፈቅሩና ወደ ሁለቱም በሚሳቡ ሰዎች ዘንድ ድብርትን የመሳሰሉ የስሜት ሕመሞች በ36.6 በመቶ፣ የአልኮል ችግር በ41.9 በመቶ፣ ሥር የሰደደ ጭንቀት ደግሞ በ248.2 በመቶ ጨምሮ አገኙት። እገዳው ባልነበረባቸው ቦታዎች በሚኖሩት ላይ ግን ተመሳሳይ ጭማሪ አልታየም። የመጨረሻው ቁጥር እንዳያስደነግጣችሁ፤ መነሻው ትንሽ ሲሆን ጥቂት ጭማሪም በመቶኛ ትልቅ ይመስላል። የጥናቱ ጥንካሬ በአንድ ቁጥር ላይ አይደለም፤ ማነጻጸሪያ ቡድን ስላለው ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫም ተለክቷል። ከ1999 እስከ 2015 የነበሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን መጠይቆች መሠረት አድርጎ በ2017 የታተመ ጥናት፣ ጋብቻውን በፈቀዱ ክፍላተ ግዛት በተማሪዎች ላይ የሚታየው ራስን የማጥፋት ሙከራ በ7 በመቶ ቀንሶ አግኝቶታል።

ሐቀኛ ለመሆን የወደቀውንም ልንገራችሁ። ከላይ የተጠቀሱት ሃትዘንቡለርና ባልደረቦቻቸው በ2014 ባወጡት ሌላ ጽሑፍ፣ መድልዎ በበዛባቸው አካባቢዎች የሚኖሩ የዚህ ክፍል ሰዎች ዕድሜያቸው በአማካይ በ12 ዓመት ያጥራል ብለው ነበር። ቁጥሩ በየጋዜጣው ተሰራጨ። በኋላ ሌላ ተመራማሪ ስሌቱን ደግመው ቢሠሩት ያንኑ ውጤት ማግኘት አልቻሉም፤ ደራሲዎቹም መረጃውን ሲመረምሩ የአመዘጋገብ ስህተት እንደነበረ አምነው ውጤቱ እንደማይጸና በይፋ ገለጹ። ደጋግሞ ያሰላው ሰው ለጉዳዩ ደጋፊ ይሁን ተቃዋሚ ለፊዚክስ ሰው ግድ አይሰጠውም፤ ስሌቱ ይደገማል ወይስ አይደገምም? የሚወደውን ቁጥር ለመመርመር የሚሰንፍ ሰው የሚጠላውንም ለመቃወም መብት የለውም።

የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ የሚገባው የት ላይ ነው?

ሐኪም የሚያየው የጎበጠውን ሽቦ ነው፤ በአሥር ደቂቃ ምርመራ ውስጥ ሌላ ማየት ይከብደዋል። የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ (ብዙዎቻችን «ሶሻል ወርከር» የምንለው) ሙያው ሰውን ከነአካባቢው ማየት ነው፤ ቤተሰቡን፣ ቀለቡን፣ ማደሪያውን፣ የሚያስፈራውን ቢሮ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህ ሙያ በ1959 ትምህርት ቤት ተከፍቶለት፣ በኋላ ተዘግቶ፣ በ2004 በድኅረ ምረቃ ደረጃ እንደገና ተጀምሯል። ስለዚህ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ከሳን ፍራንሲስኮ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሰኔ 5 ቀን 1981 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማእከል ሳምንታዊ መጽሔት በሎስ አንጀለስ ስለታመሙ አምስት ወጣት ወንዶች አጭር ዘገባ አወጣ፤ በኋላ ኤድስ የተባለው በሽታ የመጀመሪያው ይፋ ዘገባ ነበር። በ1983 በሳን ፍራንሲስኮ ጠቅላላ ሆስፒታል «5ቢ» የተባለ ክፍል ለእነዚህ ሕሙማን ሲከፈት መድኃኒት አልነበረም፤ የመጀመሪያው መድኃኒት የተፈቀደው በ1987 ነውና። በሌሎች ቦታዎች ምግብ በር ላይ ተቀምጦላቸው በሚሄድበት ወቅት፣ በነርስ ክሊፍ ሞሪሰን አስተባባሪነት በተቋቋመው በዚህ ክፍል የሚሠሩት በፈቃዳቸው የመጡ ነበሩ፤ ሕሙማኑን በእጃቸው ይነኩ ነበር። ከ1974 ጀምሮ በሞት አፋፍ ያሉ ሰዎችን ሲያጽናና የቆየው የሻንቲ ማኅበር አጽናኞችም በክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ሌላው ትልቅ ለውጥ ጠያቂን ይመለከታል። በተለመደው ደንብ ጠያቂ ማለት የሥጋ ዘመድ ነበር፤ ብዙዎቹን ሕሙማን ግን የሥጋ ዘመድ ትቷቸዋል። በ5ቢ «ቤተሰቤ ማን ነው?» የሚለውን ራሱ ሕመምተኛው ይወስን ነበር። ይህ ቫይረሱን አልገደለም። የመጨረሻውን ወር ብቻውን የሚያሳልፍ ሰው ቁጥር ግን ቀነሰ።

እኛም ከዚሁ በሽታ የተማርነው አለ። በኢትዮጵያ መተላለፊያው በአብዛኛው የወንድና የሴት ግንኙነት ቢሆንም መገለሉ አንድ ነበር። መድኃኒቱ ከ2005 ጀምሮ በነፃ መሰጠት ከጀመረም በኋላ ጎረቤት እንዳያያቸው ከሰፈራቸው ርቀው ለመመርመርና መድኃኒት ለመውሰድ የሚጓዙ ሰዎችን የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። መድኃኒቱ በእጃችን ሳለ ሰዎች የሞቱት በሃፍረት ምክንያት ነበር።

ቤተሰብ

ከሁሉ ይበልጥ የማደንቀው ሥራ ኬትሊን ራያን የተባሉ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት የቤተሰብ ጥናት ነው። ከእርሳቸው በፊት የነበረው ልማድ ወጣቱን ከቤተሰቡ ነጥሎ መርዳት ነበር፤ ቤተሰቡ እንደ ጠላት ይታይ ነበር። ራያንና ባልደረቦቻቸው ቤተሰቦቹን ቀርበው አነጋገሩ። ያገኙትም ብዙዎቹ ወላጆች ልጃቸውን የሚጎዱት ከጥላቻ ሳይሆን ለማዳን ብለው መሆኑን ነው። ጓደኛውን የከለከለችው፣ «ሰው ፊት እንዲህ አትሁን» ያለችው እናት ልጇን ከዓለም ክፋት የምትጠብቅ ይመስላታል። ልጁ የሚሰማው ግን «አንተን አልፈልግም» የሚለውን ነው።

በ2009 የታተመው ጥናታቸው ከ21 እስከ 25 ዓመት የሆኑ 224 ነጭና ላቲኖ ወጣቶችን ያካተተ ነው። በጉርምስናቸው ከፍተኛ የቤተሰብ ተቃውሞ የደረሰባቸው፣ ተቃውሞ ካልነበረባቸው ወይም ጥቂት ከነበረባቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ራስን የማጥፋት ሙከራ በ8.4 እጥፍ፣ ከባድ ድብርት በ5.9 እጥፍ፣ የአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚነት በ3.4 እጥፍ ታይቶባቸዋል።

እዚህ ላይ የሒሳብ ተማሪዎች ቆም በሉ። «8.4 እጥፍ» የተሰላው ዕድልን በዕድል በማካፈል ሳይሆን «የሆነውን ለአልሆነው» በማነጻጸር ነው። በምናባችን ከአንደኛው ቡድን 100 ሰዎች 20ው፣ ከሁለተኛው 100 ሰዎች 68ቱ አንድ ነገር ደረሰባቸው እንበል። የሆነው ለአልሆነው በመጀመሪያው 20 ለ80፣ ማለትም 0.25 ነው፤ በሁለተኛው 68 ለ32፣ ማለትም 2.125 ነው። ሁለቱ ሲካፈሉ 8.5 ይሆናል። በቀጥታ 68ን ለ20 ብናካፍል ግን 3.4 ብቻ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ግን አንድ አይደሉም፤ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ይህ ልዩነት ሁልጊዜ ይጠፋል። ከዚህም በላይ ጥናቱ ወጣቶቹ ያለፈውን አስታውሰው በተናገሩት ላይ የቆመ፣ ናሙናውም በዕጣ ያልተመረጠ ነው። ሆኖም በ3.4ም ይሁን በ8.5 መለኪያ ልዩነቱ በመሣሪያ ጉድለት የሚመካኝ አይደለም። በተለይ ትኩረቴን የሳበው፣ መካከለኛ ተቃውሞ የደረሰባቸው ወጣቶች ጉዳትም በመካከል መገኘቱ ነው። ጫናው ሲቀንስ ጉዳቱ አብሮ ይቀንሳል፤ ይህም ለባለሙያው እጅግ ጠቃሚ ዜና ነው።

ለምን ቢባል፣ ቤተሰቡ በአንድ ሌሊት እምነቱን እንዲለውጥ መጠየቅ አያስፈልግም። ራያን የቤተሰብን ድርጊት አንድ በአንድ ከፋፍለው ከመቶ በላይ ለይተዋል፤ መምታት፣ ከቤት ማባረር፣ ከቤተሰብ በዓል ማስቀረት፣ የእግዚአብሔር ቅጣት ይመጣብሃል ማለት፣ በሌላ በኩልም ማዳመጥ፣ ሌሎች ሲሰድቡት መከላከል፣ አብሮ መብላት። ባለሙያው ለአባት «አቋምህን ተው» አይለውም፤ «ከማእድ አታባርረው» ይለዋል። በ2012 ለሞርሞን ቤተ ክርስቲያን አባላት የተዘጋጀ የራሳቸው መጽሐፍ የወጣውም በዚሁ መንገድ፣ ከእምነታቸው ሳያስወጣ ልጃቸውን እንዴት በሕይወት ማቆየት እንደሚችሉ ለማሳየት ነው። ከቤት የተባረረ ልጅ መድረሻው ጎዳና ነው፤ በጎዳና ላይ ደግሞ ሳንባ ነቀርሳም፣ ኤችአይቪም፣ ረኃብም ይጠብቁታል። አንዲት ማእድ የማዳን ሥራ የሕክምና ሥራ ነው ማለት ይህ ነው።

ቅጽ፣ ምርመራና ሲጋራ

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። የሆስፒታል ቅጽ «የባል/የሚስት ስም» ብቻ ብሎ ሲጠይቅ ሰውየው ባዶ ትቶ ያልፋል፤ በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው አይኖረውም። «በአስቸኳይ የሚጠራ ሰው» ብሎ መለወጥ ዋጋው የአንድ መስመር ኅትመት ነው። ሴትን የሚያፈቅሩ ሴቶች የማኅጸን በር ካንሰር አይይዛችሁም እየተባሉ ምርመራው ይቀርባቸዋል፤ በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ግን ከሴት ወደ ሴትም ይተላለፋል። ወንድ ተብሎ የተመዘገበ ትራንስጀንደር ሰውም የማኅጸን በር ካለው ምርመራው ያስፈልገዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን «ወንድ» ለሚል መዝገብ የቀጠሮ ደብዳቤ አይልክም። እነዚህን ክፍተቶች ተከታትሎ የሚደፍነው ብዙ ጊዜ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያው ነው።

የትምባሆው ታሪክ ደግሞ ጫናው ሁልጊዜ ከጥላቻ ብቻ እንደማይመጣ ያሳያል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአር. ጄ. ሬይኖልድስ የትምባሆ ኩባንያ በሳን ፍራንሲስኮ ተመሳሳይ ጾታን ለሚያፈቅሩና ለጎዳና ተዳዳሪዎች ሲጋራ ለመሸጥ ያወጣው ዕቅድ በኋላ በፍርድ ቤት ክርክር ምክንያት ይፋ በሆኑ ሰነዶች ውስጥ ተገኝቷል። የዕቅዱ መጠሪያ ምኅጻረ ቃል ሲነበብ በእንግሊዝኛ «ዝቃጭ» ማለት ነበር። የተገፋ ሰው የሚያጽናናው ነገር ይፈልጋል፤ ሻጩም ይህን አስልቶ ነበር።

አስተርጓሚው

በመጨረሻ አማርኛ ተናጋሪዎችን በቀጥታ ስለሚነካ ጉዳይ ላንሳ። የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ ይህም የሆነው ወገኖቻችን በዚያ በብዛት ስለሚኖሩ ነው። አንድ እንግሊዝኛ በሚገባ የማይናገር ወጣት ከባድ ድብርት ይዞት ክሊኒክ ገባ እንበል። አብሮት የመጣው አጎቱ ነው፤ አስተርጓሚ የሚሆነውም እርሱ ነው። ሐኪሙ «እንቅልፍ የሚነሳህ ምንድን ነው?» ሲል ጥያቄው በአጎት ጆሮ አልፎ ይሄዳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። «ሥራ በዝቶበት ነው» ይላል አጎት። ሐኪሙ ይጽፋል። መለኪያው ከሚለካው ነገር ጋር ተጣብቋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ የቤተሰብ አባልን ከአስተርጓሚነት ማንሳት ነው፤ በትሕትና፣ «ደንባችን ነውና ጋሼ፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁን» ብሎ። ግን ይህም ብቻውን አይበቃም። በአንድ ከተማ ያለ የሐበሻ ማኅበር ትንሽ ነው፤ ባለሙያው አስተርጓሚም ቢሆን እሑድ በዚያው ቤተ ክርስቲያን የሚቆም፣ በዚያው መስጊድ የሚሰግድ፣ በዚያው ምግብ ቤት የሚበላ ሊሆን ይችላል። ልጁም ይህን ከሐኪሙ ቀድሞ ያውቃል። ልምድ ያላቸው የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች በዚህ ጊዜ በሌላ ክፍለ ግዛት ያለ አስተርጓሚን በስልክ ያስገባሉ፤ ስም አይነገርም፣ ፊት አይታይም። አስተርጓሚውንም ከታማሚው ፊት «የሰማኸውን ለማንም አትናገርም፤ አንተ እንደ መስኮት መስታወት ነህ» ብለው አስምለው ይጀምራሉ። ከዚያም ስለ ፍቅርም ሆነ ስለ ጾታ ምንም ሳይጠይቁ ይቆያሉ። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ማደሪያ ይጠይቃሉ። ከዚያም «በቤትህ ውስጥ የምትፈራው ሰው አለ?» ይላሉ።

መልሱ በመጀመሪያው ቀን ላይመጣ ይችላል። በሁለተኛው ቀጠሮ ልጁ ብቻውን ከመጣ፣ የመጀመሪያው ልኬት ተገኘ ማለት ነው።